ሚስስ ፕሩደንስ ያሰረችው ሰው

ሰው ለፈጣሪው ይምላል፣ ለታቦት ይምላል፣ በጣም ሲጨንቀው ለሚስቱ ይምላል። የእኛ ዓባይነህ ግን ሳን ሆዜ ድረስ ሄዶ ለተዋናይ ማለ። ይባስ ብሎ መሐላውን ጠበቀ።

ነገሩን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ነጃት እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስበት ቫን አለኝ። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፣ አላህ ይጠብቀኝና ወደፊትም አልቀምስም። ታዲያ የክርስቲያን ጠጅ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ ብትሉኝ፣ የዓባይነህ ሚስት እታገኝ ሌክ ሜሪት አጠገብ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤቴና ጓደኛዬ ናት። ደግሞም ሽማግሌ ከነጋቢው የሚጫንበት መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ዓባይነህ ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ይጠግናል፤ በትርፍ ጊዜው ጠጅ ይጥላል። እናቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠጅ ቤት ነበራቸውና እጁን የወረሰው ከእሳቸው ነው። በዚህ አካባቢ ያለ ዓባይነህ ጠጅ የተዳረ ሰው ገና እንዳልተዳረ ነው የሚቆጠረው። ችግሩ፣ ጠጅ ጣይ መቅመስ አለበት፤ የዓባይነህ ቅምሻ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ሳምንት ይፈጃል።

ክፉ ሰካራም አይደለም። አይሳደብም፣ አይማታም፣ ዕቃ አይሰብርም። ዝም ብሎ የለም። ልጁ ያብስራ ልደቷን ስታከብር የለም፤ እታገኝ አላሜዳ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወገቧ ተቆርጦ ስትመጣ፣ ሶፋው ላይ ተዘርሮም የለም። ሲነጋ ያለቅሳል፤ "ሁለተኛ ብጠጣ እንዲህ ያድርገኝ" ብሎ መማል ይጀምራል። እታገኝ "ኧረ አትማል! መሐላ በልጅ ይወጣል!" ብላ አፉን ትይዘዋለች፤ ከዚያ ቁርስ ታቀርብለታለች። እስከሚቀጥለው ክርስትና ድረስ ሰላም ይሆናል።

ባለፈው ሚያዝያ የያብስራ ክፍል ፊልድ ትሪፕ ነበረው። እታገኝ ሥራ ስለነበረች ልጆቹን ሊጠብቅ ዓባይነህ አብሮ ሄደ። የሄዱት ሳን ሆዜ ውስጥ የድሮ ከተማ አስመስለው ወደሠሩት መናፈሻ ነው። የመቶ ሃምሳ ዓመት ሱቅ፣ አንጥረኛ ቤት፣ መጠጥ ቤት አለ፤ የዛሬ ሰዎች የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው የዚያን ዘመን ኑሮ ይጫወታሉ። አንዱ ድንኳን ውስጥ ቦኔት የሚሉትን ከአገጭ ሥር የሚታሰር የድሮ ቆብ ያሰረች፣ ጥቁር ቀሚሷ እስከ አገጯ የተቆለፈ ሴትዮ ቆማለች። ሚስስ ፕሩደንስ ትባላለች፤ የፀረ መጠጥ ማኅበር ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። ያኔ የአሜሪካ ሴቶች ባሎቻቸው ደመወዛቸውን እየጠጡ ሲያስቸግሯቸው ተሰባስበው ይወጡና መጠጥ ቤት በር ላይ ተንበርክከው ይጸልዩ ነበር አሉ። ያገኙትንም ሰው "ከእንግዲህ አልጠጣም" የሚል ካርድ ያስፈርሙ ነበር።

ሚስስ ፕሩደንስ ልጆቹን ሁሉ ቀኝ እጃቸውን አስነስታ አስማለች፣ አስፈረመች፣ ደረታቸው ላይ ነጭ ሪባን ለጠፈች። ልጆቹ ከድንኳኑ እንደወጡ አጠገቡ ወዳለው የውሸት መጠጥ ቤት ሮጠው እየተጋፉ ሩት ቢር የሚባለውን አልኮል የሌለው ለስላሳ ጠጡ። ዓባይነህ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። እሱም ቀኝ እጁን አነሳ፤ ስሙን ከነአያቱ ጻፈ፤ ሪባኑን ተቀበለ። ያብስራ ተመልሳ መጥታ "ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ፕሪቴንድ" አለችው፤ የማስመሰል ጨዋታ ነው እኮ ማለቷ ነው። "አውቃለሁ የኔ ቆንጆ" አላት።

በዚያው ሳምንት ክርስትና ነበር። ጋሽ ንጋቱ ብርሌ ይዘው መጡ። ጋሽ ንጋቱ ማለት፣ ካልመጡ ድግስ የማይጀመርላቸው፣ ከመጡ ደግሞ ድግስ የማያልቅላቸው ሰው ናቸው፤ የቀዱለት ሰው ካልጠጣ እንደተሰደቡ ነው የሚቆጥሩት። እኛ ዘንድ መቼም "አልፈልግም" መልስ አይደለም፤ የድርድር መክፈቻ ነው።

"እንካ።"

"ዛሬ ይለፈኝ፣ ጋሽ ንጋቱ።"

"በሞቴ!"

"ምያለሁ።"

"ለማን?"

"ሳን ሆዜ፣ ለሚስስ ፕሩደንስ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብርሌው ግን ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። ለማንም ይማል ለማን፣ የማለ ሰው አፍ ላይ መጠጥ የሚያስጠጋ ሐበሻ የለም። መሐላው በአስጠጪው ላይ ይዞራል ተብሎ ይፈራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት በግድግዳ ነው፤ ግድግዳችን እንደ ወረቀት ስስ ነው። ዓባይነህ ከያብስራ ጋር ሂሳብ ሲሠራና ሁለቱም ሲሳሳቱ ሰማሁ። ሽንኩርት ሲከትፍና ሲነፈርቅ ሰማሁ። እታገኝ ገላዋን እየታጠበች ስትዘፍን ሰማሁ። ድምፅዋ ለጠላትም አይመኙት፤ ግን ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ታች ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘችኝ። "ነጃትዬ፣ ደስ ብሎኛል። ግን ደግሞ ያንገበግበኛል" አለችኝ። "ለእኔ ስንቴ ምሎልኛል? አንዱም አልጸናም። ቦኔት ላጠለቀች ተዋናይ የማለው ግን ጸና። እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?"

"ቦኔት" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ የያዘችውን ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የምናገረውን ሳላስብ በመናገሬ ራሴን ረገምኩ።

ጣጣው የመጣው ጋሽ ተድላ ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሱ ነው። አላሜዳ አዳራሽ ተያዘ፤ ጠጁን ዓባይነህ ጣለ። በርሜሉ ውስጥ ማሩም ጌሾውም አለ፤ የጠፋው ቀማሽ ነው። "ጌሾው ይውጣ ወይስ ይቆይ?" ሲሉት፣ ዓባይነህ ከሩቅ ቆሞ "ቀለሙ ቆንጆ ነው" ይላቸዋል። "በቀለምማ ከሆነ ሽንትም ቀለም አለው!" አሉ የሠርጉ አዛዥ ጋሽ ንጋቱ። ይቅርታ፣ የተባለውን ነው የምናገረው።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቄስ ነው። አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "እኔ ያላሰርኩትን አልፈታም። ያሰረው ይፍታው" አሏቸው። ሰውየውን ተዉት ማለታቸው እኮ ነው፤ ለእኔ ለእስላሟ እንኳን ገብቶኛል። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ትእዛዝ ወሰዱት። ያሰረችው ሚስስ ፕሩደንስ ናት፤ ስለዚህ ለሚስስ ፕሩደንስ ሽምግልና ይላካል ተባለ። ሦስት ሰው ተመረጠ፤ ለትልቅ ጉዳይ ሦስት ነዋ።

በዋዜማው እታገኝ የሥራ ልብሷን እንኳን ሳታወልቅ መጣችብኝ። "ነጃት፣ ነጂያቸው አንቺ ነሽ፤ አስተርጓሚያቸውም አንቺ ነሽ። አደራ እንዳይፈቱት። ከፈቱት ቤቴ አለቀ። ሌላ መሐላ አይጸናለትም፤ አውቀዋለሁ።"

"ለምን ራስሽ አትነግሪያቸውም?"

"የሰው ሠርግ አበላሸች ልባል? ደግሞ ጋሽ ንጋቱን አንቺ ታውቂያቸው የለ? 'ከሠርጉ በኋላ ተመልሶ ይምላል' ይሉኛል።"

"ጎማ ላፈንዳ?"

"እሱ ያንቺ ሙያ ነው" አለችኝ። አልቀለደችም።

ቅዳሜ ጠዋት ጫንኳቸው። ጋሽ ንጋቱ፣ ጋሽ ተድላ፣ እና ለቁጥር ማሟያ ከሳኒቬል የመጣው ኢንጂነሩ ፍሬምናጦስ፤ ሦስቱም ነጭ በነጭ። ዓባይነህ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሪባኑ ጃኬቱ ላይ ነው። ጋሽ ንጋቱ እግር ሥር የበረዶ ሣጥን አለ፤ በውስጡ ለቅምሻ የተቀዳ ጠጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ። "ጋሼ፣ ቫኔ ውስጥ መጠጥ አላስገባም" ብላቸው፣ "መድኃኒት ነው" አሉኝ።

880 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቆመ። ፍሬምናጦስ ስልኩን አውጥቶ ያነብልን ጀመር። "ያኔ እኮ ሪፎርም ሊያደርጉ ያልተነሱበት ነገር የለም። ባርነት ይቅር ያሉት፣ ሴት ትምረጥ ያሉት፣ መጠጥ ይቅር ያሉት፣ ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሥጋና ቅመም ስሜት ያነሳሳል፣ እሱም ይቅር ያሉ ነበሩ።"

"ቅመም?" አሉ ጋሽ ተድላ ደንግጠው።

"ሰናፍጭ ሳይቀር።"

"በርበሬ አለማየታቸው በጀን" አሉ ጋሽ ንጋቱ። "እና ሴትየዋ ከእነዚህ ወገን ናት? ከባድ ሽምግልና ነው።"

"ጋሼ፣ አክተር ናት እኮ!"

"ብትሆንስ? ማሰሩን አስራለች።"

እነዚያ ሰዎች ሰውን ከሰንሰለት ሊያስፈቱ መንገድ ወጡ፤ የእኔዎቹ ሰውን ለብርሌ ሊያስፈቱ ወጡ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ዓባይነህ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ከቤት ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አንድም ሰው ግን ምነው ብሎ አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ ጎማዬን እያሰብኩ ነበር።

ጎማውን ማፈንዳት አልሆነልኝም፤ ለካ ጎማ ማፈንዳት ድፍረት ብቻ ሳይሆን ምስማርም ይጠይቃል። ደረስን። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይቆምምና ዓባይነህ መኪናው ጋ ቀረ።

ሚስስ ፕሩደንስ ሦስት ነጭ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ሲመጡ ስታይ ፊቷ በራ። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ክቡራን! ልትፈርሙ ነው?" ብላ ወንበር ሳበች።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ንጋቱ። "እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።"

ተረጎምኩ። የሎሚ ውሃ ቀዳችላቸው። "እሺ ሳይሉን አንቀምስም" አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ ጋሽ ንጋቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአዳም ጀመሩ። ሰው ተሳሳች መሆኑን፣ መሐሪነት የትልቅ ሰው መሆኑን፣ ልጅ መዳር አንዴ መሆኑን ተናገሩ። ትንፋሽ ሲወስዱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ "አንድ ሰው ለአንቺ ፈርሞ ነበር። ፍቺው ሊሉሽ ነው የመጡት። ሚስቱ ግን እንዳትፈቺው ትለምንሻለች" አልኳት።

"ነጃት" አሉ ጋሽ ንጋቱ፣ "እንግሊዝኛ እንሰማለን እኮ።"

"ታዲያ አስተርጓሚ ለምን ፈለጉ?"

"ክብር አለዋ! ለእታገኝ ደግሞ ንገሪያት፤ ከሠርጉ በኋላ ተመልሶ ይምላል።"

ሚስስ ፕሩደንስ ግን አገጯን ቀና አደረገች። ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመቷ ንቅንቅ አላለችም። "ቃሉ የተሰጠው ለእኔ አይደለም" አለች እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፤ "በየቤቱ በር በሩን እያዩ ለሚጠብቁ ሚስቶች ነው። አልፈታውም!" ዙሪያውን የቆሙት ጎብኚዎች አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ሄጄ ልስማት ነበር።

ያኔ ጋሽ ተድላ ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ የተደረደረ ድንጋይ አለ። አንዱን፣ ትልቁን፣ ፈነቀሉና ማጅራታቸው ላይ ጭነው ሚስስ ፕሩደንስ እግር ሥር ተንበረከኩ። "ልጄን እየዳርኩ ነው እመቤቴ! ስለ ልጄ ይፍቱልኝ!" ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። አንድ ሕፃን እናቱን "ይሄም የሾው አካል ነው?" ብሎ ጠየቀ።

የድሮዋ ሴትዮ በአንዴ የዛሬ ልጅ ሆነች። "ኦ ማይ ጋድ! ሰር፣ ጀርባዎን! ፕሊስ ይነሱ፣ ኢንሹራንሳችን ይሄን አይሸፍንም!" ቦኔቷ ወደ ኋላ ወደቀ። "እኔ እኮ አክተር ነኝ! ካርዶቹን ሲመሽ ሪሳይክል ውስጥ ነው የምንጥላቸው። ኦኬ፣ ተፈቷል! ማንም ይሁን ማን፣ ተፈቷል!"

ጋሽ ንጋቱ መረቋት። ከፍ ከፍ በይ፣ ውለጂ፣ ክበጂ አሏት። ከዚያ ሦስቱም በክብር ተቀመጡና የሎሚ ውሃውን ጠጡ።  ለእታገኝ ምን እንደምላት እያሰብኩ፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው የመለስኩት እኔ ነኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሽ ንጋቱ ከሩቅ ጀምረው "ተፈታህ!" እያሉ ነው። በሮቹን ሁሉ ከፈትኩ። ከበረዶ ሣጥኑ ጠርሙሱን አወጡ፣ በወረቀት ኩባያ ቀዱ፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

"በል ቅመስ። በሞቴ።"

ዓባይነህ ኩባያውን ተቀበለ። ሽታው እኔ ጋ ድረስ መጣ። ለረጅም ጊዜ ኩባያው ውስጥ አየ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ሲጠጣ ማየት አልፈለግኩም።

"ጋሽ ንጋቱ" አለ። "ማን ፍቱኝ አላችሁ?"

"እንዴት?"

"ማን ነው ፍቱኝ ያላችሁ? አንድ ሰው ጠይቆኛል?"

 ፍሬምናጦስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ተዋናይ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ልጄ እንኳን ነግራኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ 'ይብቃኝ' ብዬዎታለሁ? 'በሞቴ' ይሉኛል። ሐኪም ከልክሎኛል ስል 'ሐኪም ምን ያውቃል' ትላላችሁ። አልፈልግም ስል 'ምነው፣ ተጣላን እንዴ?' ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ሰው ማስቀየም አልችልም፣ እጠጣለሁ። አንድ ቀን ብቻ 'ምያለሁ' አልኩ፤ ዝም አላችሁኝ። ያለኝ እሱ ነበር፣ ጋሽ ንጋቱ። እሱኑ ድንጋይ ተሸክማችሁ ወሰዳችሁብኝ።"

ኩባያውን መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። "ጠጁን እርስዎ ይቅመሱት። እኔን ያህል ያውቁታል።"

ጋሽ ንጋቱ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከሠርግ አዛዥነታቸው ጀምሮ ያልታየ ነገር ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ኩባያውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። ጋሽ ተድላ ማጅራታቸው ላይ የቀረውን አፈር ያራግፋሉ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። እታገኝ ናት። ስልኬ ደግሞ ከቫኑ ስፒከር ጋር የተገናኘ ነው፤ ከማንሳቴ በፊት ስፒከሩን ማጥፋት ነበረብኝ፣ ደንግጬ አነሳሁት። ድምፅዋ ፓርኪንጉን ሞላው።

"ነጃት! ፈቱት?"

"ፈቱኝ" አለ ዓባይነህ።

 ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ "ነርስ! ነርስ!" ሲሉ ይሰማል።

"እሺ" አለች። "በሰላም ግቡ።"

"እታገኝ፣ አትዝጊው።"

"ዓባይነህ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለእኔ የማልከው ሁሉ ያልጸናው፣ ለሷ የማልከው የጸናው፣ እኔ ከሷ አንሼብህ ነው?"

ወደ ቫኑ ተጠጋ፤ በሩን በእጁ ይዞ ቆመ። "ለአንቺ ስምል ይቅር እንደምትዪኝ አውቅ ነበራ" አለ። "ገና ስጀምር 'አትማል' ብለሽ አፌን ትይዥኛለሽ። አንድም ቀን አስጨርሰሽኝ አታውቂም። እሷ አታውቀኝም፣ አታዝንልኝም። እጄን አስነስታ እስከ መጨረሻው አስጨረሰችኝ።"

"ነርስ!" አሉ ሴትዮዋ እዚያ ማዶ።

"እታገኝ፣ አሁን ልማልልሽ። አፌን አትያዢኝ።"

ቀኝ እጁን አነሳ። የስልክ ሰው እጅ አያይም፤ እሱ ግን አነሳ።

"ከእንግዲህ ብጠጣ፣ አንቺን ይንሳኝ።"

"ኧረ አትማ..." ብለው ጋሽ ተድላ ከልማድ ሲጀምሩ ፍሬምናጦስ እጃቸውን ያዛቸው። ሁላችንም ስፒከሩን እንጠብቃለን። እኔ እንኳን "አትማል በዪው" ልላት ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ያስፈራል። እታገኝ ስታለቅስ ሰማናት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች።

"አሜን" አለች። "ይንሳህ።"

ጋሽ ንጋቱ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ እሳቸውም በዝግታ አሜን አሉ።